የፕሮፌሰሩ ስርዝ

ፕሮፌሰሩ የተገኙት ሰኞ ጧት ነው፤ የላቦራቶሪው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለመደርደሪያው ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው። ያገኟቸው ጠርሙስ አጣቢዋ ናቸው። አልጮኹም። በሩን ከፍተው ካዩ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ሰው እስኪመጣ ጠበቁ። ለምን እንዳልጮኹ ሲጠየቁ «ዱሮስ ማን ሰምቶኝ ያውቃል?» ብለው መለሱ። መልሱን ማንም ልብ አላለውም፤ የጠርሙስ አጣቢን መልስ ልብ ማለት በዚያ ቤት አልተለመደም።

ጉዳዩን እንድትመረምር የተላከችው ኢንስፔክተር በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ትባላለች። ምንም አያመልጣትም ለማለት ነው። እሷ ግን ቅጽሉን አትወደውም። «ወንፊት እኮ ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን ነው የሚያስቀረው፤ ታዲያ ሙገሳ ነው ስድብ?» ትላለች። ቀድሟት የደረሰው አምሳ አለቃ በበኩሉ ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቃት።

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት፣ ኢንስፔክተር። ይኸው ደብዳቤያቸው፤ ከጋዋናቸው ኪስ ነው ያወጣሁት።»

ወንፊት ጓንቷን አጥልቃ ወረቀቱን ተቀበለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተሳስቼ ሌላውንም አሳስቻለሁ። ሰምቼ ስለናቅሁዎት፣ በሰው ፊትም ስላሳፈርሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእንግዲህ ዐይንዎን ለማየት አፍራለሁ።»

«ሰምቼ ስለናቅሁዎት» የሚለው ከመስመሩ በላይ የተጨመረ ነው። ከሥሩ ሌላ ቃል በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ከጎኑ ትንሽ ፊርማና ቀን አለ። የተሰረዘው ቃል ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ «ስላልሰማሁዎት» ይላል። የወረቀቱ ራስጌ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል በስለት ተቆርጧል።

«የላይኛው የት ሄደ?» አለች ወንፊት።

«ከመጀመሪያውም ቁራጭ ወረቀት ይሆናላ።»

«ሰው ሊሞት ሲል ወረቀት ይቆጥባል?»

ወንፊት መልስ ሳትጠብቅ ወደ ክፍሉ ገባች። በሩ ላይ «የውስጡ መክፈቻ ተበላሽቷል። ማገጃ ሳያደርጉ አይግቡ» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ማገጃው እንጨት ከሬሳው አጠገብ ወድቋል፤ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አንስተው በሩን የዘጉ ይመስላል። መደርደሪያው ሥር ክዳናቸው የተከፈተ ሦስት ነጭ የፎም ሳጥኖች አሉ። ሁለቱን በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ ደረቅ ናቸው። ሦስተኛው ሥር ነጭ ፍርፋሪ ይጨሳል። እጇን ልትሰድ ስትል ከኋላዋ ጩኸት ሰማች።

«አይንኩት! ያቃጥላል!»

የፕሮፌሰሩ ምክትል ናት፤ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ዐይኗ በለቅሶ ያበጠ ሴት።

«በረዶ ደግሞ ያቃጥላል?»

«ደረቅ በረዶ ነው። ውሃ አይሆንም፤ እንዲሁ ተንኖ ጋዝ ይሆናል። በተዘጋ ክፍል ከሆነ ሰው ያፍናል። እዚህ ክፍል በፍጹም አናስገባውም፤ ለሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያ ቀኑ የምንነግረው ይሄንን ነው።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

ምክትሏ ሳጥኖቹን እንደገና አየቻቸው። «እኔም እሱ ነው የገረመኝ። የእኛ ማክሰኞ ነው የሚመጣው። ዓርብ ላይ ሳጥኑን ብትከፍቺው… ይቅርታ፣ ቢከፍቱት አየር ብቻ ነው።»

ወንፊት በአንቺታው አልተቀየመችም። የምትቀየመው ጥያቄዋ መልስ ሲያጣ ነው። ምክትሏን ወደ ቢሮ ወሰደቻትና ሟቹ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀቻት።

«የቲቢ ጀርም ግድግዳ አለው» አለች ምክትሏ። «ግድግዳውን የሚሠራለት አንድ ኢንዛይም ነው። እኛ ‹ግንበኛው› እንለዋለን። ግንበኛው ከቆመ ጀርሙ አለቀለት። ፕሮፌሰሩ ሠላሳ ዓመት ከእሱ ጋር ኖሩ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሚያቆመው ውህድ አገኙ፤ የሞከሩት ሰባተኛው ስለነበረ ስሙ ‹ሰባተኛው› ሆኖ ቀረ። ይሄ ሕንፃ የቆመው በእሱ ነው። እኔም እንጀራዬ እሱ ነው።»

«መቆሙን እንዴት ታውቃላችሁ?»

«ግንበኛው ሲሠራ ብልቃጡ ቢጫ ይሆናል። ከቆመ ውሃ መስሎ ይቀራል።»

«ሰው ላይስ ተሞክሯል?»

«እስካሁን ከድሮው መድኃኒት ጋር ተደርቦ ነው የተሰጠው። ነገ ጧት ግን ሦስት መቶ በሽተኞች የድሮውን አቁመው ሰባተኛውን ብቻ መዋጥ ይጀምራሉ። ሙከራውን የሚመራው የፕሮፌሰሩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ማዶ ሆስፒታል ያለው ዶክተር።»

«ደስ ያለዎት አይመስሉም።»

ወንፊት ደብዳቤውን ዘረጋችላት። ምክትሏ ሦስቱን መስመር ለማንበብ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች።

«ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው። ስርዙም። እዚህ ቤት ፍቆ ወይም ደልዞ ማጥፋት ክልክል ነው፤ የተሳሳትነውን በአንድ መስመር ሰርዘን እንፈርምበታለን፣ ስህተቱም መነበብ አለበት። ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።»

«ለማን የጻፉት ይመስልዎታል?»

«አላውቅም» አለችና አንገቷን ደፋች። ወንፊት ‹አላውቅም› ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ታውቃለች። ይሄኛው የሚያውቅ ሰው ‹አላውቅም› ነበር።

የበር ጠባቂው መዝገብ እሑድ ቀን ከፕሮፌሰሩ ሌላ አራት ሰው እንደገባ ይናገራል። ባለቤታቸው ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አድርሰው ሄደዋል፤ ይሁንና የኋላው በር ቁልፍ ከእጃቸው ነው። ምክትሏ ከስምንት እስከ አሥር ቆይታለች። ወንድምየው ዘጠኝ ላይ ገብቶ አሥር ተኩል ላይ ወጥቷል። ጠርሙስ አጣቢዋ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ድረስ ማጠቢያ ክፍል ነበሩ። ፕሮፌሰሩ ሲወጡ ያየ የለም፤ ጠባቂው ግን በኋላው በር የወጡ መስሎት አልተጨነቀም።

ባለቤታቸው ከሟቹ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ደብዳቤውን አንብበው በንዴት መለሱላት።

«ለእኔ አይደለም። አርባ ዓመት አንቺ ሲለኝ ኖሮ በሞቱ ቀን አንቱ ይለኛል? ራሱንም አላጠፋም። ቅዳሜ ማታ እኮ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፤ ‹ሰኞ በሰው ፊት እቆማለሁ› ብሎ።»

«ምን ሊናገሩ?»

«እራት አልበላ ብሎኝ ብጠይቀው ‹ሥራዬን ሳሙና ይዞት ሄደ› አለኝ። መድኃኒቱ መድኃኒት አይደለም፣ ሙከራውን አስቆማለሁ አለ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማን እነግራለሁ?» አሉ ሴትዮዋ፤ ጣታቸው ግን ስልካቸውን ይገለባብጥ ጀመር።

ወንድምየው የመጣው ከሆስፒታሉ በቀጥታ ነው፤ ዐይኑ ቀልቷል፣ ጫማው ግን ያበራል። ፕሮፌሰሩ አባታቸው ሲሞቱ ከሰባት ዓመቱ ጀምረው እንዳሳደጉት ሳይጠየቅ ተናገረ። ስለ ሳሙና የሰማሁት ነገር የለም፣ ወንድሜም እሑድ ደህና ነበር አለ። ደብዳቤውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ምስኪን ወንድሜ። ለዳይሬክተሩ ነው የጻፈው።»

«እንዴት አወቁ?»

«ለሌላ ለማን ይሆናል? እዚህ ግቢ ከእሱ በላይ አንቱ የሚባል ማን አለ?»

በዚህ መሐል ጠርሙስ አጣቢዋ ባልዲ ይዘው በኮሪደሩ አለፉ። ዶክተሩ ዘወር አለና «ጠርሙሴ፣ እስኪ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጪልኝ» አላቸው። የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«እሑድ ለምን መጡ?» አለች ወንፊት።

«የበሽተኞች አክታ ናሙና ላደርስ።»

«ስንት ብልቃጥ?»

«አሥር። ኢንስፔክተር፣ ነገ ጧት ሦስት መቶ ሰው ይጠብቀኛል። ሐዘኔንም ሥራዬንም አንድ ላይ አትያዙብኝ።»

ወንፊት ለቀቀችው፤ ከዚያም ባልዲውን ተከትላ ሄደች። ማጠቢያ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል። ጠርሙሶቹ እንጨት ላይ አፋቸውን ደፍተው ተሰልፈዋል። የሴትዮዋ እጅ ከክርኑ በታች ቆዳው ነጥቷል።

«እትዬ» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ደንግጠው ዞሩ። «ማን ነገረሽ? እትዬ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

«አንቱም ይሉዎት ነበር?»

«ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ። ያን ጊዜ አዲስ ሳሙና መጣ። አምስት ጊዜ ባለቀልቀው አረፋው አይለቅም። ለእሳቸው ነገርኳቸው። እንግዶች ነበሩ፤ ‹አንቺ እጠቢ፣ ማሰቡን ለእኔ ተዪው› አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ጧት መጡ፤ ‹እትዬ፣ እንዴት አደሩ?› አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ እንዳሉኝ ቀሩ። ይቅርታ ግን አላሉኝም፤ አፋቸው ላይ ይደርስና ይመለሳል።»

«ቅርብ ጊዜስ?»

«ባለፈው ወር እኔ ያጠብኩትንና ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ጠርሙስ አስመጡኝ። በአዲሱ ሰባተኛውን ጨመሩበት፤ ብልቃጡ ቢጫ ሆነ። እኔ ባጠብኩት ውስጥ ግን ለግንበኛው ሰባተኛውን ትተው ውሃ ብቻ ጨመሩለት፤ ቢጫ ሳይሆን ቀረ። ስንት ዓመት ሳየው የኖርኩትን አላጣውም፤ ግንበኛው የቆመው በሳሙናው ነው። እዚሁ ቆመው አለቀሱ።» ሴትዮዋ ፎጣቸውን ጨመቁ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ሰው የበደልኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

«አይደሉም።»

«ትናንት ደግሞ ‹ነገ በሰው ፊት የማነብልዎ ወረቀት አለ› ብለው ማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ ሲከቱት አየሁ። እኔ ማንበብ አልችልም። በኋላ ቢሯቸው ጨለማ ሲሆንብኝ ሄዱ አልኩ። ሃያ እርምጃ ላይ ሆኜ ውሃ አንሻሻለሁ፤ እሳቸው እዚያ…»

ወንፊት ሥራ ከጀመረች ስንት ሬሳ አይታ አልቅሳ አታውቅም። እዚያ እንፋሎት ውስጥ ግን ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ አፈረችም። ኮሪደር ላይ አምሳ አለቃውን አግኝታ ወደ ሆስፒታሉ እንዲሮጥ አዘዘችው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደረቅ በረዶ የሚወጣበት መዝገብ ይኖራቸዋል፤ የቅዳሜንና የእሑድን ገጽ አምጣልኝ። የዶክተሩንም መኪና ፈትሽ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ማጠቢያ ክፍል እንዲሰበሰቡ ተነገራቸው። ምክትሏና ባለቤታቸው በቀጥታ መጡ። ዶክተሩ ኮሪደሩ መሐል ቆሞ «ማጠቢያ ክፍል? የት ነው እሱ?» ብሎ ጠባቂውን ጠየቀ። አሥራ አንድ ዓመት ወደዚህ ቤት የተመላለሰ ሰው ነው።

ወንፊት ገንዳው ላይ ተደግፋ ጀመረች።

«ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን አላጠፉም። ደብዳቤው የስንብት አይደለም፣ የይቅርታ ነው። ራስጌው የተቆረጠው የተቀባዩ ስም ስለነበረበት ነው። እንግዲህ ተቀባዩ ማን ነው? ፕሮፌሰሩ አንቱ የሚሉት ሰው መሆን አለበት። ባለቤታቸውን አንቺ ነው የሚሏቸው። ምክትሏስ?»

«እኔንም አንቺ። ያስተማሩኝ ናቸው።»

«ዳይሬክተሩንስ?»

«እሱም ተማሪያቸው ነበር። ስብሰባ ላይ እንኳን ‹አንተ ልጅ› ነበር የሚሉት።»

ዶክተሩ የሸሚዙን ኮሌታ ነካካ።

«እዚህ ግቢ ፕሮፌሰሩ አንቱ የሚሉት አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች ወንፊት፤ «እኚህ እናት። ደብዳቤው የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ስርዙም ይመሰክራል። መጀመሪያ ‹ስላልሰማሁዎት› ብለው ጻፉ። ውሸት ሆነባቸው፤ ሰምተው ነበርና። ስለዚህ በአንድ መስመር ሰርዘው ‹ሰምቼ ስለናቅሁዎት› አሉ። ሳይንቲስት አይደሉ? ጥፋታቸውንም አስተካክለው ነው የመዘገቡት። ምክትሏ፣ እርስዎ ደብዳቤውን እንዳዩ አውቀዋል።»

«አውቄያለሁ» አለች ምክትሏ። «አምና እኔም በአዲስ ፕላስቲክ ጠርሙስ ስሞክረው ሰባተኛው አልሠራ አለኝ። ገጹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ። ዛሬ ተናግሬ ቢሆን ‹ታዲያ አምናስ?› እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«የገደለው ሰው ግን አላወቀም» ቀጠለች ወንፊት። «ራስጌው ላይ ያለውን ስም ቢያይም የማን እንደሆነ አያውቅም፤ በአንቱታው ለትልቅ ሰው የተጻፈ መሰለው፤ ከንቀት የመጣ ስህተት ነው። ምክትሏ አንቱታውን በየቀኑ ትሰማለች፣ አትሳሳትም። ባለቤታቸውስ ሰምተው ያውቃሉ?»

«እንዴት አልሰማ?» አሉ ሴትዮዋ። «‹አንቱታህን ለጠርሙስ ክፍል ከምትጨርሰው ለቤትም አስተርፍ› እያልኩ ስቀልድበት ነው የኖርኩት።»

«እትዬም ማንበብ አይችሉም፤ ስማቸውን ለይተው አይቆርጡም። ማጠቢያ ክፍሉን ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው ይቀራል። መንገዱንም ዛሬ ጠይቆ ነው የመጣው።»

«ይሄ ምን ማስረጃ ነው?» አለ ዶክተሩ። «አንቱና አንተ ቆጥራችሁ ሰው ልትሰቅሉ ነው?»

«ማስረጃው በረዶው ነው። የዚህ ቤት በረዶ ዓርብ አልቆ ነበር።» ወንፊት ከአምሳ አለቃው የተቀበለችውን ገጽ ገንዳው ጠርዝ ላይ አኖረችው። «እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሳጥን ሙሉ ደረቅ በረዶ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። ለአሥር ብልቃጥ የአንድ ሳጥን ግማሽ ይበቃል ብለውኛል። ሳጥኖቹን ከፍተው መደርደሪያ ሥር ካኖሩ በኋላ ናሙናውን አብረን እናስቀምጥ ብለው ወንድምዎን አስገቧቸው። ማገጃውን አነሱና ዘጉት። ጸጥ ሲል ተመልሰው በሩን ከፍተው እንጨቱንና ደብዳቤውን አስገቡ። ደብዳቤው የነበረው ማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ ነው፤ ደብተሩን ደግሞ ከመኪናዎ መቀመጫ ሥር አግኝተነዋል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሳሙናውን ማን ነገረዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ባለቤታቸው። ስልካቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ቅዳሜ ማታ ደወልኩለት። ‹ወንድምህ ራሱን ሊያዋርድ ነው፣ ምከረው› አልኩት። ለስሙ ብዬ… ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው።»

ማንም ማንንም አላየም። ክፍሉ ውስጥ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ሁሉ ጠርሙሶቹን ያይ ነበር። ዶክተሩ አንድ የጠርሙስ ሳጥን ስቦ ተቀመጠበት።

«ስም ለማዳን መስሏችሁ ነው?» አለ በመጨረሻ። «ሰባተኛው ብቻውን እንደሚሠራ ቀድሜ ማሳየት ፈለግኩ። ፈቃድ ሳይመጣ ሁለቱን ደርበው ይወስዱ በነበሩት አሥራ ሁለት በሽተኞች ላይ የድሮውን መድኃኒት አቋረጥኩ። አራቱ ሞቱ። መዝገቡ ላይ ‹ክትትል ያቋረጡ› ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲህ ከተጻፈ ማንም አይጠይቅም። እሑድ ወንድሜ ‹የአሥራ ሁለቱን ፋይል ነገ ይዘህ ና፣ አብረን እንቆማለን› አለኝ። ያሳደገኝ ሰው ነው፤ የእሱን ፊት አይቼ ያንን መናገር አልቻልኩም። መግደሉ ቀለለኝ። አፈርኩ… ከማፈር መግደሉ ቀለለኝ።»

አምሳ አለቃው ካቴናውን አወጣ። ምክትሏ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳችና ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። የነገው ሙከራ እንዲቆም፣ ሦስት መቶዎቹም የድሮ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ተናገረች። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ምክንያቱን ምን ብሎ እንደሚመዘግብ ሳይጠይቃት አልቀረም፤ «ስህተታችንን ደብቀን ስለነበር ብለው ይጻፉ። አዎ፣ ‹ደብቀን›። የእኔንም ስም ያስገቡት» አለች።

ዶክተሩን ሊያወጡት ሲሉ ጠርሙስ አጣቢዋ በሩ ላይ ቆሙ። እስካሁን የቆሙት ገንዳው ጥግ ነበር።

«ስማቸው ማን ነው?» አሉት።

«የማን?»

«የአራቱ።»

ዶክተሩ አፉን ከፈተ። «ዜሮ ሦስት» አለ፤ «ዜሮ ስምንት…» ከዚያ አቆመ። እንደገና ሊጀምር ሞከረ፣ አቃተው። የበሽተኞቹን የመዝገብ ቁጥር ግን በቃሉ ያውቀዋል።

«ስማቸውን አላውቀውም» አለ።

«ስም አላቸው እኮ፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ። «እናታቸው አውጥታላቸው ነበር።»

ከበሩ ዘወር አሉለት። ዶክተሩ ግን ለመውጣት እግሩን አላነሳም።